የሳል ሽሮፕና የተላከ ልጅ፦ የዕድሜ ገደብ ለሰቆጣ ባንኮኒ ይስማማል?

ብርድ ሲገባ ከመድኃኒት መደብር መደርደሪያ ላይ ቶሎ ከሚጎድሉት ዕቃዎች አንዱ የሳል ሽሮፕ ነው። በሰቆጣም ሆነ በአምደወርቅና በአስከተማ ይህ ዕቃ የሐኪም ማዘዣ አይጠየቅበትም። ዋጋው ይከፈላል፣ ጠርሙሱ በፌስታል ይገባል፣ ገዢው ይሄዳል። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ ታማሚው አይደለም። ከቤት ብር ተቆጥሮ የተሰጠው፣ "የሳል መድኃኒት በል" ተብሎ የተላከ ልጅ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ልጅ ከባንኮኒ ፊት የሚመልስ ሕግ ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። በኢትዮጵያም ስለ መድኃኒት አጠቃቀም በተነሣ ቁጥር "ለልጅ አይሸጥ" የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ሐሳቡ በደፈናው የሚጠላ አይደለም። ይሁንና የዋግ ኽምራ የመድኃኒት ንግድ በምን መልኩ እንደሚካሄድ ላየ ሰው፣ የመስመሩ ቦታ ሌላ ነው። አደጋው ያለው ጠርሙሱን በሚቀበለው እጅ ላይ ሳይሆን በጠርሙሱ ውስጥና ከባንኮኒው ኋላ በሚቆመው ሰው ዘንድ ነው። ለነጋዴውም ወጪና ኪሳራ የሚመጣበት ከዚሁ አቅጣጫ ነው።

ባሕር ማዶ የተሰመረው መስመር

የዕድሜ ገደቡ መነሻ ዴክስትሮሜቶርፋን የሚባለው የሳል ማስታገሻ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደችው። በልኩ ሲወሰድ ብዙ ችግር የማያመጣው ይህ ንጥረ ነገር፣ ከልኩ ብዙ እጥፍ ሲጠጣ ቅዠት ያመጣል፣ የልብ ምት ያፈጥናል፣ ራስን ያስታል። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ፓራሲታሞልም ካለ ጉበት አብሮ ይጎዳል። የአሜሪካ ጎረምሶች ይህን ደርሰውበት ሽሮፑን ለስካር ይጠጡት ጀመር። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2012 አንሥቶ ዕድሜው 18 ላልሞላ ሰው ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ስትከለክል ከግዛቶቹ ሁሉ ቀዳሚ ነበረች፤ ብዙ ግዛቶች ተከትለዋታል። የሚገርመው፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶች አምራቾች ማኅበር ራሱ የሕጉ ደጋፊ ሆኖ መቆሙ ነው። ምክንያቱ ለነጋዴ ግልጽ ነው፦ ለልጅ መሸጥ ቢቀር የሚጎድለው ገቢ ትንሽ ነው፤ ዕቃው በሙሉ ወደ ማዘዣ ቢዛወር ግን ገበያው ይጠፋል።

ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ታሪኩ የከፋ ነው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ምርቱንም ማስመጣቱንም አገደች፤ ያም ሆኖ የኮንትሮባንድ ኮዴይን ሲያዝ መሰንበቱ አልቀረም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚያው ዓመት መግቢያ፣ ኮዴይን ያላቸው የሳል መድኃኒቶች ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይታዘዙ ወሰነ። እንግሊዝ በ2024 የኮዴይን ሽሮፕን ከባንኮኒ አንሥታ በማዘዣ ብቻ እንዲሸጥ አደረገች።

እነዚህ ሕጎች የተጻፉት መታወቂያ በኪሱ ይዞ ለሚዞር፣ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ራሱ አንሥቶ ለሚገዛ ገዢ ነው። ወደ ዋግ ሲመጡ የሚገጥማቸው ሌላ ገበያ ነው።

የአገር ውስጥ ሕግ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮል መጠጥና ትምባሆ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ከልክሏል። መድኃኒትን በተመለከተ የሕጉ ዋና ክፍፍል በገዢው ዕድሜ ሳይሆን በዕቃው ዓይነት ነው፦ በማዘዣ የሚሸጥ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ፣ ልዩ ቁጥጥር ያለበት። ኮዴይን በ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ሥር የሚወድቅ ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። እንደ አንቡላ በፌስታል የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

ሥልጣኑም የተከፈለ ነው። ዕቃው ከመግባቱ በፊት የሚመዘግበውና የአስመጪውን ፈቃድ የሚይዘው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የችርቻሮ ቤቱን የሚፈትሸውና ፈቃዱን የሚያድሰው ግን የክልሉ የጤና ተቆጣጣሪ አካል ሲሆን፣ ሥራው እስከ ዞንና ወረዳ ይወርዳል። አዲስ አበባ የተጻፈ መመሪያ ከአዲስ አበባ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሰቆጣ ላይ የሚሠራው፣ የወረዳው ባለሙያ ተሽከርካሪና ነዳጅ አግኝቶ መደብሮቹን ሲዞር ነው።

መታወቂያ የሌለው ገዢ

ዕድሜ ይጠየቅ ከተባለ ማስረጃው ከየት ይመጣል? በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ምዝገባው ሳይጀመር የተወለደ ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው ሲሆን፣ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ እየተስፋፋ ቢመጣም በዝቋላና በሰሃላ ቆላ ውስጥ ፍየል የሚጠብቅ ጎረምሳ ካርድ አውጥቶ ያሳያል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሻጩ የሚገምተው በቁመት ነው። ቁመት ደግሞ በዚህ አካባቢ መጥፎ መለኪያ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" የሚለውን ስም የሰጠው ያለ ነገር አይደለም። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅ የአሥራ አራት ሊመስል ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ጉዳይ ነው። በከተማ ልጅ ለራሱ ይገዛል ተብሎ ይጠረጠራል። በዋግ ልጅ የቤቱ እግር ነው። እናት በጭስ የታፈነ ጎጆ ውስጥ ስታስል፣ አያት ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት ተጉዞ ከተማ የሚወርደው እሱ ነው። ባንኮኒው ላይ "ዕድሜህ አልደረሰም" ተብሎ ባዶ እጁን ቢመለስ የተከለከለው ልጁ ሳይሆን አያትየው ናቸው። ልጁም ቢሆን ባዶ እጁን አይመለስም። ከመደብሩ ወጥቶ ከሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ወይም ከገበያ ጉሊት፣ ከሳሙናና ከባትሪ ጎን ከተደረደረው ይገዛል። እዚያ ደግሞ "ለማን ነው? ስንት ቀን ሆነው?" የሚል የለም። ፈቃድ ያለውን ነጋዴ አስሮ ፈቃድ ለሌለው ደንበኛ የሚያመጣ ሕግ ለሁለቱም አይበጅም፤ ሕጋዊው ነጋዴ ግብር ይከፍላል፣ ባለሙያ ይቀጥራል፣ ሌላው ግን ወጪው ፌስታል ብቻ ነው።

በ21 ዓመት የተገደበው የአልኮል ሽያጭም ትምህርት ይሰጣል። አዋጁ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው፤ በአረቄ ቤት ደጃፍ መታወቂያ ሲጠየቅ ግን ማየት ብርቅ ነው።

ገዢውና ጠጪው ይለያዩ

ልጆችን በተመለከተ ከተላላኪው ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ጠጪው ነው። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያለው።

የአሜሪካው አስተዳደር በ2008 መጀመሪያ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ አሳሰበ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አምራቾቹ ራሳቸው "ከአራት ዓመት በታች አይሰጥ" የሚል ጽሑፍ በመለያው ላይ ለማኖር ተስማሙ። እንግሊዝና አውስትራሊያ ወሰኑን ወደ ስድስት ዓመት ከፍ አድርገውታል። ምክንያታቸው አንድ ነው፦ ሽሮፑ በሕፃናት ላይ ፋይዳው ያልተረጋገጠ፣ ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው። በዋግ ላይ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል። በመለያው ላይ ያለው ልክ በዕድሜ የተጻፈ ነው፤ የቀነጨረ የአምስት ዓመት ልጅ ክብደቱ የሦስት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። በቤት ማንኪያ ሲለካ፣ ማንኪያውም የወጥ ይሁን የሻይ ሳይታወቅ፣ ልኩ እጥፍ ይሆናል። መለያው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ እንኳ ለብዙ ኽምጣና ተናጋሪ እናቶች ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ባለሙያው በአፉ የሚናገረው፣ በጠርሙሱ ክዳን ለክቶ የሚያሳየው፣ በካርቶኑ ላይ ከታተመው ሁሉ ይበልጣል።

ከሽሮፑ ጀርባ የሚደበቅ በሽታም አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል፤ የአገሪቱ የጤና መመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ሕክምናው በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው። አንድ ሰው በየሳምንቱ ጠርሙስ እየገዛ ሁለት ወር ቢቆይ፣ መደብሩ ስምንት ጠርሙስ ሸጧል፣ ቤተሰቡ ግን በሽታውን ተጋርቷል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስም እንዲሁ ነው። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ጉዳዩ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ጤና ኬላ አሞክሳሲሊን እንዲሰጡ የሠለጠኑት ለዚሁ ነው። እዚህ ላይ የሽሮፕ ሽያጭ ራሱ ጊዜ የሚበላ ጉዳት ነው።

ለቀላሉ ሳል ግን የዋግ ገበያ የራሱ ዕቃ አለው፦ ማር። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 105 ልጆችን ከመኝታ በፊት ማር፣ ዴክስትሮሜቶርፋን ወይም ምንም ሳይሰጡ አነጻጽረው ነበር። የተሻለ እንቅልፍ የተኙት ማር የቀመሱት ናቸው፤ ዴክስትሮሜቶርፋን ምንም ካለመስጠት ብዙም አልተሻለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም በ2018 ማርን ለሳል ቀዳሚ ምክር አድርጎታል። አንድ ክልከላ አለው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። የሰቆጣ ማር በአዲስ አበባ ውድ ሲሸጥ፣ ማሩን የሸጠው ገበሬ ከባሕር ማዶ የመጣ ሽሮፕ ገዝቶ ወደ ቤቱ መመለሱ ለንግድ ሚዛን ለሚያስብ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው

ነጋዴውን ከሁሉ በላይ ሊያስደነግጠው የሚገባው ግን የገዢው ዕድሜ ሳይሆን የዕቃው ምንጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2022 በጋምቢያ ለተከሰተው የሕፃናት ሞት አራት የሕንድ ሽሮፖችን በስም ጠቅሶ አስጠነቀቀ። በሽሮፖቹ ውስጥ የተገኙት ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል ለኢንዱስትሪ የሚውሉ፣ ኩላሊት የሚያወድሙ ፈሳሾች ናቸው። በኢንዶኔዥያና በኡዝቤኪስታንም ተመሳሳይ እልቂት ደረሰ፤ ድርጅቱ በጥር 2023 በሦስቱ አገሮች የሞቱት ከ300 በላይ መሆናቸውን ገለጸ፣ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። ሕንድ ከሰኔ 2023 ጀምሮ ወደ ውጭ የሚላክ የሳል ሽሮፕ በመንግሥት ላቦራቶሪ እንዲፈተሽ ደነገገች። ይህም ሆኖ በ2025 መጸው በራሷ በሕንድ፣ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት፣ ኮልድሪፍ የተባለ ሽሮፕ የጠጡ ሃያና ከዚያ በላይ ሕፃናት ሞቱ።

መርዙ የሚገባው በተንኮል ብቻ አይደለም። ሽሮፕ የሚሟሟበት ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ውድ ነው፤ ርካሹና መርዛማው ፈሳሽ በቀለምም በጣዕምም ይመስለዋል። አምራቹ እያንዳንዱን በርሜል ካልፈተሸ አያውቀውም። ቸርቻሪው ደግሞ በዓይኑ ለይቶ ሊያውቀው ፈጽሞ አይችልም። መከላከያው ሰነድ ብቻ ነው፤ የተመዘገበ ዕቃ፣ ፈቃድ ያለው አስመጪ፣ የምድብ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ። ማስጠንቀቂያ በወጣ ቀን መደብሩ ከመደርደሪያው የሚያነሣው በምድብ ቁጥር ነው። ደረሰኝ የሌለው ነጋዴ የትኛውን እንደሚያነሣ አያውቅም።

ሕንድ በኢትዮጵያ የመድኃኒት ገበያ ትልቅ ድርሻ እንዳላት ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ጥያቄው ዕቃው በየትኛው በር ገባ የሚለው ነው።

መንገዱ፣ ምንዛሪውና ደላላው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 74 ብር አለፈ፤ ሳምንታት ሳይቆጠሩ 100 ብር ተሻገረ። ከውጭ የሚመጣ ሽሮፕ ይቅርና አገር ውስጥ የሚመረተውም ጥሬ ዕቃውን፣ ጠርሙሱንና ክዳኑን በዶላር ነው የሚያገኘው። በአዲግራት የሚገኘው አዲስ መድኃኒት ፋብሪካ በሰሜኑ ጦርነት ከተጎዱት መካከል መሆኑም ለሰሜን ገበያ ቀላል ጉዳት አልነበረም።

ዋግ ኽምራ ራሱ በጦርነቱ ጊዜ ጤና ተቋማቱ ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱን አስተማማኝ አይደለም አሰኝቶታል። ጭነት በወልድያም ይምጣ በባሕር ዳር፣ አይሱዙው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ዕቃው ዘገየ ማለት ነው። ዕቃ ሲዘገይ መደርደሪያ ይራቆታል፤ መደርደሪያ ሲራቆት ደላላ ይመጣል።

ደላላ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ሻጭና ገዢ የማይተዋወቁበትን ገበያ የሚያገናኝ እሱ ነው። በመድኃኒት ላይ ሲሆን ግን ሁለት ዓይነት ዕቃ በስልክ ይቀርባል። አንደኛው የመጠቀሚያ ቀኑ ሊያልቅ የተቃረበና በቅናሽ የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው ካርቶኑ አለ፣ ሰነዱ "በኋላ ይላካል" የሚባለው ነው። የመጀመሪያው ሒሳብ ይጠይቃል፦ ሦስት ወር የቀረው ዕቃ፣ አንድ ወር መንገድ ላይ ቢቆይ፣ ከዚያም በአበርገሌ ሙቀት ውስጥ ቢከማች ምን ያህሉ ይሸጣል? ሁለተኛው ሒሳብ የለውም። መጣል ነው።

ገደቡ ስንት ያስከፍላል?

እስቲ በምሳሌ ይሰላ። አንድ መደብር በሳምንት 40 ጠርሙስ ይሸጣል፣ ከጠርሙስ 25 ብር ያተርፋል እንበል። ከ40ው 10ሩ በልጅ እጅ የሚሄድ ቢሆንና ለልጅ መሸጥ ሙሉ በሙሉ ቢቀር፣ የሚጎድለው በሳምንት 250 ብር ነው። ለመደብሩ ሞት አይደለም። ነገር ግን ያ 250 ብር ለሕፃናት ደኅንነት ምን ገዛ ቢባል፣ 10ሩ ልጆች ወደ ጉሊት ከሄዱ፣ ምንም።

ያው መደብር ሌላ መንገድ ቢከተል ደግሞ ይታይ። ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበትን ሽሮፕ ገዢ ከማይደርስበት፣ ከባንኮኒው ኋላ ያስቀምጣል። ለአንድ ሰው ከአንድ ጠርሙስ በላይ አይሸጥም። የተላከን ልጅ አይመልስም፤ ግን ይጠይቀዋል፦ የታመመው ማን ነው? ዕድሜው? ስንት ቀን ሆነው? ደም አለው? ሕፃን ነው ካለ ሽሮፕ አይሰጥም፤ ወደ ጤና ኬላ ይልካል። ሁለት ሳምንት አልፎታል ካለም እንዲሁ፤ በሰቆጣ ዙሪያ ከሆነ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል። ልጁ ሳይጠየቅ ስሙን አስተካክሎ አንድ ዓይነት ሽሮፕ ከጠራ፣ በሳምንቱም ከተመለሰ፣ ያኔ ለራሱ እንደሆነ ይጠረጠራል፤ ወላጁ ይጠራ ይባላል። ትንሽ ከተማ ላይ ይህ ከመታወቂያ ይልቅ ይሠራል፤ ሻጩ የልጁን አባት ያውቀዋልና። በዚህ መንገድ ከ40 ጠርሙስ አምስት ወይም ስድስት ቢቀር፣ ኪሳራው ከ150 ብር አይበልጥም።

ችግሩ ይህን የሚጠይቅ ሰው መኖሩ ላይ ነው። ፈቃዱ በባለሙያ ስም ወጥቶ፣ ባለሙያው ሌላ ቦታ እየሠራ፣ ባንኮኒው ላይ የባለቤቱ ዘመድ የሚቆምበት አሠራር ለዚህ ገበያ እንግዳ አይደለም። የክልሉ ተቆጣጣሪ ጉልበቱ ውስን ከሆነ፣ የልጆችን ዕድሜ ከመቁጠር ይልቅ ከባንኮኒው ኋላ ማን እንደቆመ ቢያይና በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የተደረደረውን ጠርሙስ ቢያነሣ፣ በአንድ ቀን ዙር ብዙ ያተርፋል። በየሱቁ የሚሸጠው ዕቃ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ፈቃድ ያለው መደብር ገበያው ይሰፋለታል። ለአልሚውም ቢሆን በሰቆጣ መደብር ለመክፈት ሲያስብ ከኪራዩ በፊት መጠየቅ ያለበት ሁልጊዜ የሚገኝ ባለሙያ በስንት ደመወዝ እንደሚቀጠር ነው።

የብርዱ ወቅት ትዕዛዝ የሚወጣው ከመስከረም በፊት ነው። በዚህ ጊዜ ከጅምላ አከፋፋይ ጋር የሚነጋገር ነጋዴ ከዋጋው ጎን አራት ነገር በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ይገባዋል፦ የአምራቹን ስም፣ የምድብ ቁጥሩን፣ የመጠቀሚያ ቀኑን፣ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ዕቃው ተመላሽ መሆኑን። የመጨረሻውን ለመጻፍ የሚያንገራግር አከፋፋይ ካለ፣ ዕቃውን ወደ ሰቆጣ ከመጫን በፊት ሌላ አከፋፋይ መፈለግ ይቀላል።